መርዶ ጭነን ወደ መርሳ

ከጉዞ ስመለስ የአዳማ ጎረቤቶቼ «አገሩ እንዴት ነበር?» ብለው ከበቡኝ። አብዛኞቹ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ተሻግረው አያውቁም፤ ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ የመሻገር ሐሳቡም የላቸውም። ቁጭ ብዬ በቃሌ ላወራላቸው ሞክሬ ነበር፣ ግን መሐል ላይ ድምፄ እየተቆረጠ አስቸገረኝ። ስለዚህ ጻፍኩት።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ወንድሜ እንድሪስ ሞቷል። ጦርነቱ ሀብሩ የገባ ጊዜ እናታችን ከድጃ ከተፈናቃዩ ጋር ወደ ደሴ፣ ከደሴም እኔ ጋ አዳማ ስትመጣ፣ እሱ «ከብቱን ማን ያያል?» ብሎ መርሳ ቀረ። ከብቶቹን ከበረት ሊፈታ እንደገባ ከባድ መሣሪያ ግቢው ላይ ወደቀ። የቀበሩት ጎረቤቶቻችን ናቸው። ስልክ ተቋርጦ ስለነበር ወሬው የደረሰን ጦርነቱ ከአካባቢው ከራቀ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሰማው ባለቤቴ ሰይድ ሲሆን፣ ለእኔም ወልጄ ከአራስ ቤት እስክወጣ ጠብቆ ነገረኝ። ለእናቴ ግን ከቤታችን ማንም አልነገራትም። ደም ብዛት አለባት፤ ደግሞ በሰው አገር፣ ዘመድ በሌለበት መርዶ አይነገርም። እንድሪስ በጅቡቲ በኩል ሳውዲ ገብቷል፣ ስልክ በማይሠራበት በረሃ ግመል ይጠብቃል አልናት። ከሀብሩ ስንቱ ወጣት በዚያ መንገድ ስለሄደ ውሸቱ ወንዝ የሚያሻግር ነበር። ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አገሯ ወስደን፣ በገዛ ቤቷ፣ ከወንድሟ አፍ እንድትሰማ ተስማማን። እስከዚያ ድረስ በመንገድ የሚያገኘንን ዘመድ ሁሉ አፍ ማስያዝ የእኔ ሥራ ሆነ።

መኪናውም የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሰይድ መካኒክ ነው። ጋራዡ ውስጥ ቆሞ የዛገ አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ነበረው፤ የኋላ ወንበሮቹን ነቅሎ ሁለት የጣውላ አልጋ ገጠመበት፣ መጋረጃ ሰቀለለት፣ ጥግ ላይ ቡታጋዝና የውኃ ጀሪካን አሰረ። ፈረንጆች እንዲህ ባለ መኪና ሲዞሩ አይቶ ሲመኝ የኖረ ሰው ነው። የሠፈሩ ሰው «ቀንድ አውጣ» ብሎ ስም አወጣለት። እኔ ግን ሽርሽሩ አልነበረም የታየኝ። «ዘመድ ቤት ካደርን የሚመጣውን እንግዳ ማን ያግደዋል? ይሄ መኪና አንድ በር ብቻ ነው ያለው። በሩ ላይ እኔ እቀመጣለሁ» አልኩት። ከዚያ ለዘመድ ሁሉ ደወልኩ፦ እናቴ አልሰማችም፤ ስታገኟት ፊታችሁን እንዳታጠቁሩ፣ የእንድሪስን ስም እንዳታነሱ፤ አስቀድማችሁም እኔን አናግሩኝ።

የመጀመሪያው ቀን፦ እስከ ኮምቦልቻ

ረቡዕ ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። አዳማ በሐምሌም ሌሊቱ ይሞቃል፤ ደብረ ብርሃን ስንደርስ ግን ሁለቱ ልጆች ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልለው ይንቀጠቀጡ ነበር። ትንሹን በጉያዬ ሸጎጥኩት። እናቴ ከሾፌሩ ጀርባ፣ መስኮት ዳር ተቀምጣ የሙስበሃዋን ፍሬ ትቆጥራለች። ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ መንገዱን ስለዋጠው ሰይድ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነዳ። ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ሙቀቱ አዳማን አስታወሰኝ፤ ሻዩ ግን ከአዳማ ሻይ ይሻላል።

አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ወጣት መጋረጃውን ገልጦ አልጋዎቹን ሲያይ አፉን ያዘ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቤቴ ነው» አለ ሰይድ።

«አልጋ ጭኖ ወደ ጦር ሜዳ የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም» አለና ፍራሹን ሁሉ አስነሳን። የሕፃኑን የሽንት ጨርቅ ሳይቀር አንድ በአንድ አራገፈ። አልፈረድኩበትም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አራግፍ ነበር። በተፈጥሮዬ ጠርጣራ ነኝ።

እናቴ ግን ነገሩን ያዘችው። «ልጁ እውነቱን እኮ ነው። ሰው ከዚያ አገር ፍራሽ ጭኖ ይሸሻል እንጂ ፍራሽ ጭኖ ይገባል? በአንድ አውቶቡስ ብትሰዱኝ መርሳን አላጣውም ነበር። ሰይድ ጋራዡን ዘግቶ፣ አንቺ ልጅ ታቅፈሽ፣ በዚህ ጭቃ ምን ልትሆኑ ነው?»

«ሽርሽር ነው እማ። ልጆቹ አገራቸውን ይዩ ብለን ነው።»

«እሺ» አለች። የእናቴን «እሺ» ከቁጣዋ ይልቅ እፈራዋለሁ። ቁጣዋ ያልቃል።

ኮምቦልቻ የሰዓት እላፊው ሳይደርስ አንድ ማደያ ግቢ ውስጥ ቆምን። ዘበኛው በመጀመሪያ ዙሪያችንን በባትሪ እየቃኘ ሲያስጨንቀን ቆየና፣ የሕፃኑን ለቅሶ ሲሰማ በፔርሙዝ ሙቅ ውኃ ይዞ መጣ። «የኔም ልጅ እንዲህ ነበር የሚያለቅሰው፣ ሆዱን እሺው» ብሎኝ ሄደ።

ሁለተኛው ቀን፦ ውርጌሳ

ከሐይቅ ወዲያ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው። አዳማ ላይ ክረምት ማለት ጎርፍና ፕላስቲክ ነው፤ እዚህ ማሽላው ከመንገዱ ዳር ጀምሮ እስከ ተራራው ጥግ ይሄዳል። በዚያ ልምላሜ መሐል የተቃጠለ የጭነት መኪና ተገልብጦ ሣር በቅሎበታል። ልጄ «ምን ሆኖ ነው?» ስትለኝ «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» አልኳት። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። የተዋጣልኝ ውሸታም ሆኜ ነበር።

ውርጌሳ የእናቴ ታናሽ እህት ዘይነብ ቤት ነው። መኪናችንን አጥሯ ሥር አቁመን «ማደሪያችን እዚሁ ነው» ስንላት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ቤቴ ምን ሆነና ነው? ሬሳ ወጥቶበታል?»

ዘይነብ ያለችው የገባት ከአፏ ካመለጣት በኋላ ነው፤ ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ ሳል ጀመርኩ። እናቴ ግን ምንም እንዳልሰማች ሆና «ዘይነብዋ፣ ጨጨብሳሽን አምጪ እንጂ፣ ርቦናል» አለች። እንዴት ያለ ዕድል ነው ብዬ ተነፈስኩ።

ከዚያ እንግዳው ይመጣ ጀመር። ወሎ ውስጥ ከሩቅ የመጣ ዘመድ መኪና ከቆመ ሰው መጥሪያ አይጠብቅም። ወተት ይዞ የሚመጣ አለ፣ ማንጎ በጭንቅላቷ ተሸክማ የምትመጣ አለች። እኔ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጬ እያንዳንዱን ወደ ጎን እወስድና በጆሮው «አልሰማችም፣ በአላህ ይሁንባችሁ» እላለሁ፤ ሁለት ሁለት እያደረግሁ አስገባለሁ፣ ድምፁ የሚንቀጠቀጠውን ቶሎ አስወጣለሁ። የሠርግ ድግስ አስተናግጃለሁ፣ እንዲህ ያደከመኝ ግን የለም። የቀበሌ ጠባቂ ወጣቶችም ሰዉ ሲበዛ አይተው «ስብሰባ ነው እንዴ?» ብለው መጡ። ዘይነብ «እህቴ ናት፣ እኔ ነኝ ተያዣቸው! የገዛ እህቴን ልጠይቅ ፈቃድ ላውጣ?» ብላ ስትቆጣባቸው፣ ቁጭ ብለው ጨጨብሳ በሉና ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት። እናቴ ከመስኮቱ አትላቀቅም። በእኔ በኩል የገባው እንግዳ ሲወጣ ዞሮ በመስኮቱ በኩል ይቆማል፤ እሷ አንገቷን አውጥታ ታንሾካሹካለች፤ እኔ ስቀርብ ዝም ይላሉ። ከዚያ እንግዳው እኔ ጋ ይመጣና ያለ ምክንያት ራሴን ይዳብሰኛል። አንዷ «አንቺም ሰው ነሽ፣ ብዪ እንጂ» ብላ ቅቤ በቅል ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሌላዋ ማር አመጣችልኝ። ለእኔ ምን ተገኘና? ቅቤና ማር ለሰው የሚሰጠው ለደስታው ነው ወይ አንድ ነገር ሊወሰድበት ሲል ነው።

ማታ ለሰይድ «እናቴ መሬቷን ለአንዱ የአጎት ልጅ ልትሰጥ ነው። የእንድሪስ ቦታ ባዶ መሆኑን ሰዎቹ ያውቃሉ፤ አሁን እሷን እያባበሉ ነው። ለእኔ ቅቤ የሚያመጡት ዝም በይ ለማለት ነው» አልኩት።

«ኧረ በአላህ! እሷን እንኳን ተያት፣ መርዶውን ስትሰማ ትሙት ትዳን በማናውቅበት ሰዓት...»

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» አልኩት።

ሦስተኛው ቀን፦ መርሳን አልፈን፣ ሲሪንቃ ወድቀን

የጉዟችን ክፉ ክፍል ይህ ነበር፤ እናቴን በገዛ ከተማዋ መሐል ሳናቆም ማሳለፍ ነበረብን። መርዶውን የሚናገሩት ታላቅ ወንድሟ ሐጂ ሐሰን ያሉት ወልዲያ ነው፤ እሳቸውን ሳንይዝ ቤቷ ብትገባ ጎረቤት ሁሉ ይፈነዳል። «አጎቴ አሟቸዋል፣ መጀመሪያ እሳቸውን እንጠይቅና እንመለሳለን» አልናት።

የመርሳ መናኸሪያ ጋ ስንደርስ መጋረጃውን ሳብኩት።

«ግለጪው» አለች።

«አቧራ ነው እማ።»

«በሐምሌ አቧራ?»

ገለጥኩት። ምን ላድርግ? ሰይድ ሊያፈተልክ ሲል ባጃጆችና ፍየሎች መንገዱን ዘጉት። ወዲያው ሸህ ይማም፣ የሠፈራችን ሽማግሌ፣ በከዘራቸው የመኪናውን ቆርቆሮ መቱ። እኔ ከበሩ ወርጄ በመኪናው ዙሪያ ሮጬ እስክደርስ እሳቸው መስኮቱ ጋ ደርሰዋል።

«ከድጃ! እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ» አሏት። እናቴ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ተናገረች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። እንደዚያ ያለ አስተያየት አይቼ አላውቅም። «አብሽሪ የኔ ልጅ፤ ልጅሽን አጥቢ፣ ሌላ ሌላውን አታስቢ» አሉኝና መንገዱን በከዘራቸው አስከፈቱልን። ሸህ ይማምም ከመሬቱ ጉዳይ አሉበት ማለት ነው ብዬ ተቃጠልኩ። እኚህ ሰው በልጅነቴ ቁርአን ያስቀሩኝ አስተማሪዬ ናቸው።

ሲሪንቃ ጋ፣ የእርሻ ምርምር ማዕከሉን አጥር እንደጀመርን፣ የኋላው ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫውም ለስሶ ተገኘ። የመንገድ ዳሩ ጎሚስታ መላኩ የሚባል ሰው ነው፤ መጋረጃችንንና አልጋችንን አይቶ እሱም እንደ ፈታሹ ብዙ ጠየቀን፣ ከየት፣ ወዴት፣ የማን ወገን። ሰይድ የመርሳ ዘመዶቹን ስም ሲቆጥርለት አንዱን ስላወቀው ፊቱ ተፈታ። ዝናብ መጣል ሲጀምር ሁላችንንም ቤቱ አስገባን። ሚስቱ ሽሮና ጎመን አቀረበች። «ዓርብ ስለሆነ ጾም ነው፤ ሥጋ የለውም፣ ሳትሳቀቁ ብሉ» አለችን። አዳማ ላይ እስላሙና ክርስቲያኑ ጎረቤቴ የሚበላውንና የማይበላውን ገና ይጠያየቃል፤ እዚህ የአንዱን ጾም ሌላው እንደ ገበያ ቀን ያውቀዋል። ሰይድ የጁምዓ ሶላት እንዳያመልጠው ሲጣደፍ፣ መላኩ መለዋወጫውን ጥሎ የእሱን ጎማ አዋሰን። «ስትመለሱ ትመልሱልኛላችሁ» አለ። ልመለስ አልመለስ በምን አወቀ?

እናቴ መኪናው ውስጥ ቀርታ ስለነበር ሴትዮዋ ምሳዋን ወሰደችላት። በመስኮት ሲነጋገሩ ከበሩ ላይ አየሁ። ሴትዮዋ ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ምን አለችሽ?» አልኳት።

«ኧረ ምንም። ስለ ዝናቡ ነው» አለችና ከራሷ ሞሰብ ጠቅልላ አጎረሰችኝ፣ አንዴ አይደለም፣ ደጋግማ። የመሬት ጉዳይ ለጎሚስታ ሚስት አይነገርም። እዚህ ላይ ጥርጣሬዬ ራሱ መንገድ ጠፋበት።

አራተኛው ቀን፦ ወልዲያ

ሐጂ ሐሰን ጥርሳቸው ያለቀ፣ ንግግራቸው ያጠረ ሰው ናቸው። ቤታቸው በር ሥር የታሰረ ጓዝ አለ፤ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ቅል። «ዳግም ይነሳል ይላሉ፤ ከተነሳ ለማሰር ጊዜ አይገኝም» አሉን። ወልዲያ ሱቁ ተከፍቷል፣ ሰዉ ይስቃል፣ ይጋበዛል፤ ግን ሁሉም ቤት በሩ ሥር እንዲህ ያለ ጓዝ አለው። ወደ ሰሜን የሚያልፍ ወታደር የጫነ መኪና ሲሰማ ወሬ ለአፍታ ይቆማል፣ ከዚያ ካቆመበት ይቀጥላል። አዳማ እኮ መብራት ሲጠፋ ነው ወሬ የሚቆመው።

እናቴን አንድ ትንሽ ክሊኒክ ወስደን ደሟን አስለካን። ነርሷ «ከእኔ ይሻላል» አለች። ስንመለስ አጎቴን ለብቻቸው አገኘኋቸውና ዕቅዱን ነገርኳቸው፤ ዛሬ ማታ ሰዓት እላፊው ሊደርስ ሲል መርሳ እንገባለን፣ ሰው ሳይመጣ ታድራለች፣ ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ ይነግሯታል። ኪኒኗ በእኔ እጅ ነው።

«እሺ» አሉ። «አንቺስ? አንቺስ እንዴት ነሽ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ? እናቴን እንጂ ለእኔ አያስቡ።»

ከዚያ ሄደው እናቴ ጋ መኪናው ውስጥ ገቡና በሩን ዘጉ። ከገዛ መኪናዬ፣ እኔ ቆሜ የጠበቅኩትን በር ዘጉብኝ! ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ለጠፍኩ፤ ዝናቡ ግን ጣሪያውን ይደበድበው ስለነበር አንዲት ቃል አልያዝኩም። ሲወጡ ፂማቸው ርሷል፤ በዝናቡ ነው ብዬ ለማመን ፈለግሁ።

አመሻሽ ላይ አጎቴን ይዘን፣ ለመላኩ ጎማውን መልሰን፣ መርሳ ገባን። ጎረቤት ግቢውን ጠርጎ፣ መሣሪያው የወደቀበትን ጉድጓድ በቀይ አፈር ሞልቶ አስተካክሎታል። ከአሁን አሁን ስለ ላሟ ትጠይቃለች ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። እናቴ ላሟን ሳትጠይቅ ስለ ሰው የማትጠይቅ ሴት ናት። ባዶውን በረት አየችው፣ ቀዩን አፈር አየችው። «ዛሬ በቤቴ ልደር» ብላ ገባች።

አምስተኛው ቀን፦ መርሳ

ሱብሂ ተሰግዶ ሲያበቃ ግቢው በሰው ሞላ። ያለ ድምፅ ነበር የሚገቡት። ዘይነብ ከውርጌሳ በመጀመሪያው መኪና ደርሳለች፤ ሸህ ይማምም አሉ። እኔ ሁሉን አዘጋጅቻለሁ፦ ውኃ በጆግ፣ ኪኒን በኪሴ፣ እናቴ ስትወድቅ የምይዛት በቀኝ በኩል እኔ፣ በግራ ዘይነብ።

ልቀመጥ ስል ዘይነብ ሕፃኑን ከእጄ ተቀበለችኝ። «ላጫውተው» አለችና ለሌላ ሴት አቀበለችው፤ ያቺም ይዛው ወጣች። መርዶ የሚነገራት ሴት ልጅ አትታቀፍም፤ ትጥለዋለች ተብሎ ይፈራል። ይህንን እያወቅሁ «ልጄን የት ወሰዳችሁት?» አልኩ። ሁለት ሴቶች ከግራና ከቀኝ ተቀምጠው አንዷ ትከሻዬን፣ አንዷ ወገቤን ያዙኝ። «እኔን አይደለም፣ እሷን ያዙ!» ብዬ በሹክሹክታ ተቆጣሁ። ቀና ስል እናቴን ሌሎች ሁለት ሴቶች ይዘዋታል። እሷ ግን አያያዛቸውንም ልብ አላለችው። የምታየው እኔን ነው። ልትወድቅ ያለች ዕቃ እንደሚያይ ሰው እጇን ወደ እኔ ዘርግታለች።

ሐጂ ሐሰን መሐላችን ቆሙ።

«ከድጃ፣ ልጄ አልሰማችም፣ ታጠባለች፣ ተጠንቅቀህ ንገርልኝ ብለሽ ለምነሽኛል። ዘሀራ፣ አንቺም እናቴ አልሰማችም፣ ተጠንቅቀው ይንገሩልኝ ብለሽ ለምነሽኛል። ሁለታችሁንም እሺ ብያለሁ። ለማን እንደምናገር ሳስብ አደርሁ። እንድሪስን አላህ ወስዶታል። ሁለታችሁም ታውቃላችሁ።»

እናቴ የሰማችው ጥር ላይ ነው፤ አዳማ፣ መስጊድ በር ላይ፣ አንዲት የመርሳ ተፈናቃይ አላህ ሰብሩን፣ መጽናናቱን ይስጥዎት ብላት። ያኔ እኔ ሆዴ ገፍቶ ነበር። ነገሩን ውጣ ቤት ገባች። ሰይድ የሳውዲውን ነገር ሲያመጣ ለእኔ ተብሎ የተፈጠረ መሰላትና አብራን ዋሸች። በመንገድ ሁሉ እኔ በበር «እናቴ አልሰማችም» ያልኩትን ሰው እሷ በመስኮት ተቀብላ «ልጄ አልሰማችም፣ ወተቷ ይደርቃል፣ እንዳትነግሯት» ትለው ነበር። ከውርጌሳ እስከ ወልዲያ ያለ ሰው፣ የጎሚስታው ሚስት ሳትቀር፣ የሁለታችንንም አደራ ተሸክሞ አላፈሰሰውም።

የያዟትን እጆች አስለቅቃ ተነሳች። ማንም አላገዳትም። መጥታ ፊት ለፊቴ መሬት ላይ ተቀመጠችና ደረቴን በመዳፏ ነካች።

«ጡትሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው እማ።»

«ልጁ ይጠግባል?»

«ይጠግባል።»

«እንግዲያስ አልቅሺ» አለችኝ። «እኔም ከጥር ጀምሮ የያዝኩትን ላልቅስ።»